ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ ሦስት ጨርቆች

ስልኩ የተደወለልኝ የካቲት አጋማሽ ላይ ነው። ደዋይዋ ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚያወርደው መንገድ፣ ውስጥ ለውስጥ ገባ ብሎ ሁለት ጠረጴዛ ያለው ፑል ቤት የሚያስተዳድሩ እናት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፤ እኔም እትዬ ነው የምላቸው። ሰላምታውን አሳጠሩት።

«ጨርቅህ አለቀ» አሉኝ። «አራት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ነተበ። ልጆቹ ኳሱ ይጠመዝዛል እያሉ ሌላ ቤት መሄድ ጀምረዋል። መጥተህ እየው።»

ሥራዬ የፑል ጠረጴዛ ጨርቅ መቀየር፣ ጠረጴዛ ማስተካከልና የጠርዝ ላስቲክ መተካት ነው። ጨርቅህ መጥፎ ነው የሚል ስልክ ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። ይሄኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ምክንያቱም ጥቅምት ላይ ያ ጣቃ የበቃው ለሦስት ጠረጴዛ ነበር። ሁለቱን እትዬ ቤት አለበስኩ። ሦስተኛውን በዚያው ሳምንት ካዛንቺስ አካባቢ ባለ ሌላ ቤት ወጠርኩት። አንድ ጣቃ፣ አንድ እጅ፣ አንድ ሳምንት። የካዛንቺሱ ቤት እንዲያውም የበለጠ ሰው ይጫወትበታል። ከእዚያ አንድም ቅሬታ አልሰማሁም።

ጨርቁ አንድ ሆኖ ዕድሜው ከተለያየ፣ መልሱ ጨርቁ ላይ የለም። ይህን ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምጽፈው ለዚህ ነው። ፑል ቤት ላላችሁ፣ ፑል ቤት ለምትሠሩ፣ የምትጫወቱም ብትሆኑ የሚጠቅማችሁ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ግን ስለ ጨርቁ ራሱ ትንሽ ልበል። የፑል ጨርቅ አብዛኛው የበግ ሱፍ ነው። ጥንካሬ እንዲኖረው ናይለን ይደባለቅበታል። ቤልጅየም ውስጥ ቬርቪዬ በሚባል ከተማ አካባቢ ያለውና ከ1680 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የቆየው ሲሞኒስ፣ ብዙ ውድድር የሚካሄድበትን ጨርቁን የሚሸምነው 90 በመቶ ሱፍና 10 በመቶ ናይለን አድርጎ ነው። እኛ የወጠርነው የእሱን አይደለም፤ ዋጋው ለሰፈር ቤት አይቀመስም። ዘሩ ግን ያው ነው። ክሩ ጥብቅ ተደርጎ የተፈተለ፣ ሽፋኑ ለስላሳ፣ ፀጉር የሌለው። ከጨርቁ ሥር ደግሞ ስሌት የሚባል ድንጋይ አለ። ጨርቁ ድንጋዩ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ይቀመጣል። ውጥረቱ ከላላ ጨዋታው አብሮ ይላላል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ሆን ብዬ ነው ቅዳሜን የመረጥኩት፤ ቤቱ ሲሞላ ማየት ፈልጌ ነበር። ሁለቱም ጠረጴዛ ተይዟል። ወረፋ የሚጠብቁ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የተሸነፈ ይከፍላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ኳስ ክርክር አለው። አንዱ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ነው። ሌላው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ እትዬ ቡና ከሚያፈሉበት ጓዳ አጠገብ ነው። እኔ የመስኮቱና የጓዳው እላቸዋለሁ።

አንድ ልጅ ጥቁሯን ኳስ ቀስ አድርጎ መታት። ጉድጓዱ አፍ ድረስ በቀጥታ ሄዳ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ ታጠፈች። «አየህ!» አለ ጮክ ብሎ። አየሁ። ፍጥነት ላይ ስትሆን የማይታይ ነገር፣ ስትደክም ነው የሚታየው።

ጨዋታው ሲያልቅ እጄን ጨርቁ ላይ አሳለፍኩ። የጓዳው ትንሽ ሻክሯል። የመስኮቱ ግን ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ሹራብ ትንንሽ ድብልብል አውጥቷል። ከጠርዙ ጎን ለጎን ኳስ የሚመላለስበት ቦታ ነጥቶ መስመር ሠርቷል። የመጀመሪያው ምት ከሚመታበት በኩል የጥፍር ራስ የሚያክሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተከማችተዋል። መሀል ባለው ጉድጓድ አጠገብ ጨርቁ ላልቶ ተሸብሽቧል። መዳፌን ገልብጬ ሳየው ሰማያዊ ሆኗል።

እንዲህ ሲሆን ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የጠረጴዛውን መዛነፍ ነው። እኔም ከእሱ ጀመርኩ። ውሃ ልክ አስቀመጥኩ፤ በርዝመትም በወርድም ልክ ነው። ውሃ ልክ ብቻውን ግን አያሳምነኝም። ካርቶን አጥፌ ትንሽ መንሸራተቻ ሠራሁና የቤቱን ነጭ ኳስ ከአንድ ከፍታ ላይ እየለቀቅኩ ደጋግሜ አንከባለልኩት። ከዚህ ጫፍ ወደዚያ፣ ከዚያ ደግሞ ወደዚህ። ሙከራው ቀላል ነው፤ ማንም ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ጠረጴዛው ያዘነበለ ከሆነ ኳሱ ሲሄድም ሲመለስም ወደ አንድ ግድግዳ ነው የሚያጋድለው። የእትዬ ቤት ኳስ አንዴ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ወደ ጓዳው ሄደ። ይሄ የመዛነፍ ጠባይ አይደለም።

ከዚያ ከቦርሳዬ የራሴን ኳስ አወጣሁ። ያው ካርቶን፣ ያው ከፍታ። በሁለቱም ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ሄደ። የመስኮቱ ላይ ግን ከጓዳው አንድ ስንዝር ቀድሞ ቆመ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ለየሁ። አንደኛ፣ መጠምዘዙ በአብዛኛው የኳሱ ነው። የፑል ኳስ ስፋቱ 57.15 ሚሊ ሜትር ነው። የቤቱን ነጭ ኳስ ካሊፐር በሚባለው የውፍረት መለኪያ ስለካው በአንድ በኩል 56.4፣ በሌላ በኩል 56.7 መጣ። ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ሆኗል። ነጩ ኳስ በእያንዳንዱ ምት ስለሚመታ ከሁሉም ቀድሞ ያልቃል፤ ሰው ግን ይረሳዋል። ሁለተኛ፣ የመስኮቱ ጨርቅ ኳስ ይይዛል። አራት ወር የሆነው ጨርቅ እንዲህ መያዝ የለበትም።

ለምን እንደሚይዝ ግን በዚያ ቀን አልገባኝም። ልጆቹን አየሁ፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የለም፣ በስቲክ ጨርቁን የሚወጋ የለም። እትዬ ይቆጣሉ። ቤቱ ደግሞ ንጹሕ ነው። ወለሉ ተወልውሎ ያበራል። ጨርቁ ላይ ከላይ ሲታይ አቧራ አይታይም። ያ ንጽህና ነው ግራ ያጋባኝ።

እትዬ ቤቱ ጠዋት 2 ሰዓት እንደሚከፈት ነግረውኝ ነበር። ሰኞ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ አለ፤ ከገጠር ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሃያ አይሞላውም። ትጉህ ልጅ ነው። ኳስ ደርዳሪው እሱ፣ ሒሳብ ሰብሳቢው እሱ፣ ጠራጊው እሱ።

አጠገቡ ባልዲ አለ። ባልዲው ውስጥ ለብ ያለ ውሃና አረፋ። በእጁ አሮጌ ከነቴራ ይዟል። ይነክራል፣ ይጨምቃል፣ ጨርቁ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ምጣድ እንደሚያስስ ሰው በክብ በክብ ያሻል። ከመሀል ይጀምርና እያሰፋ ይሄዳል። ጥግ ሲደርስ ጣቱን ከነቴራው ውስጥ አስገብቶ ከላስቲኩ ሥር ያለውን ይፈትጋል። ከነቴራውን ሲያነሳው ሰማያዊ ጭቃ ሆኖ ወጣ። ልጁ ደስ አለው። «አዩት ጋሼ፣ ምን ያህል ቆሻሻ እንደሚወጣው!»

«ማን አሳየህ?»

«እትዬ ናቸው። ቤት ንጹሕ ካልሆነ ሰው አይመጣም ብለው።»

«በየቀኑ ነው?»

«በየቀኑ። ቅዳሜና እሁድ ማታም እደግመዋለሁ።»

ከጥቅምት እስከ የካቲት ቆጠርኩት። ከመቶ ሃምሳ ጊዜ በላይ ይሆናል። ሲጨርስ ጨርቁ ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ መስኮቱን ከፈተው። ውጭ መንገዱ ተቆፍሯል። ለኮሪደር ልማቱ የወጣው አፈር ክምር ከመስኮቱ ሃያ እርምጃ አይርቅም። ነፋሱ ያመጣው አቧራ እርጥብ ጨርቅ ላይ አረፈ።

ልጁ ላይ መቆጣት አልቻልኩም። ጨርቁን የገደለው እንክብካቤው ነው። ግን ማን ነገረው?

አሁን የሚሆነውን ላስረዳ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። ስቲክ ጫፍ ላይ የምንቀባው ቾክ ስሙ ነው እንጂ የትምህርት ቤቱ ጠመኔ አይደለም። የዛሬውን ዓይነት ቾክ በ1897 እ.ኤ.አ. ዊልያም ስፒንክስ የተባለ የቢሊያርድ ተጫዋች ከኬሚስቱ ዊልያም ሆስኪንስ ጋር ሆኖ አስመዘገበው። ውስጡ ያለው ሲሊካና ኮረንደም ነው። ሲሊካ አሸዋ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ኮረንደም ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ይደረጋል። ቾክ ስቲኩ ኳሱን እንዳይስት የሚያደርገው ሻካራ ስለሆነ ነው። ያው ሻካራነት ጨርቁ ላይ ሲወድቅ ጠላት ነው።

ደረቅ ሆኖ ከተኛ ቀላል ነው። በብሩሽ ይነሳል። ውሃ ሲነካው ጭቃ ይሆናል። ጭቃው በክብ ሲታሽ በክሮቹ መካከል ወደ ታች ይገባል። ሲደርቅ እዚያው ይጠነክራል። በሚቀጥለው ቀን ከላይ አዲስ ይጨመርበታል። ከዚያ ኳስ በላዩ ላይ በተንከባለለ ቁጥር ክሩ ከታችም ከላይም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ሳሙናውም ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ቅሪቱ አቧራ ይስባል። ሱፍ ደግሞ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ውጥረቱ ይለቃል። መሀል ጉድጓዱ ጋ ያየሁት ሽብሽብ የመጣው ከዚህ ነው። ድብልብሉ ደግሞ የክብ ማሸቱ ሥራ ነው።

የመስኮቱ ከጓዳው የባሰበት በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ የመንገዱ አቧራ ነው። ሌላው ቆሻሻ ኳስ ነው፤ ጥሩ ተጫዋቾቹ የመስኮቱን ስለሚመርጡ ኳሶቹ እዚያ ብዙ ይሠራሉ። ኳሶቹ ከተገዙ ጀምሮ ታጥበው አያውቁም። ጨርቁ በቀን አንዴ ሲታጠብ ኳሱ ግን ቾኩን ተሸክሞ ይዞራል። ንጹሕ ጨርቅ ላይ ቆሻሻ ኳስ ማንከባለል እግር ሳይታጠቡ አዲስ አንሶላ ላይ እንደመተኛት ነው።

ነጫጭ ነጠብጣቦቹ የሌላ ነገር ናቸው። ቃጠሎ ናቸው። ነጩ ኳስ በኃይል ሲመታ ከመንከባለሉ በፊት ለቅጽበት ይንሸራተታል። አራሚዝ የሚባለውን ኳስ የሚሠሩት ቤልጅጎች በዚያች ቅጽበት ሙቀቱ እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል ይላሉ። ናይለኑም ሱፉም ያንን አይችሉትም። እትዬ ቤት ነጠብጣቡ አንድ ቦታ የተከማቸበት ምክንያት ቀላል ነው። የመስኮቱ ጠረጴዛ በግራ በኩል ለግድግዳው ስለሚቀርብ ስቲክ ማወዛወዝ አይመችም። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ምት ከቀኝ ነው የሚመታው። መቶ ሰው አንድ ነጥብ ላይ።

ቀጥሎ የነበረው ለእኔ ከባዱ ሥራ ነው፤ ለእትዬ መንገር። ቡና አፍልተው አቀረቡልኝ። ልጁን ሊወቅሱት እንደሚችሉ ፈራሁ፤ ትእዛዙ የራሳቸው መሆኑን ሳነሳ ደግሞ እንዳላሳፍራቸው ፈራሁ። አሮጌ ሲዲ ከቤቱ ፈልጌ ቾኩን ሁለት ጊዜ አሸሁበትና ወደ ብርሃኑ አዞርኩላቸው። ጭረቱን አዩት።

«ይሄ ነው ጨርቁ ውስጥ ያለው?»

«ይሄ ነው እትዬ። ውሃው ነው ወደ ውስጥ የሚያስገባው።»

ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ እኔ ነኛ ያበላሸሁት» አሉ።

«እርስዎ ቤትዎን በንጽህና ነው የያዙት። ግን ጨርቁ ሱፍ ነው። ሱፍ ልብስ በየቀኑ በሳሙና ይታሻል እንዴ?»

እዚህ ላይ ፊታቸው ተለወጠ። ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ በእጃቸው እጀታው የእንጨት የሆነ የልብስ ብሩሽ ይዘዋል። ፀጉሩ ለስላሳ ነው። «የእሱን ሱፍ በዚህ ነው የማራግፈው» አሉኝ። ፑል ቤቱን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው፤ ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሱፋቸው አሁንም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተሰቅሏል። «ከላይ ወደ ታች ነው የማደርገው፤ ውሃማ አስነክቼው አላውቅም።» እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። እትዬ ስለ ሱፍ አያያዝ ከእኔ ይልቅ ያውቁ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለው ያው ሱፍ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። ጥቅምት ላይ ጨርቁን ወጥሬ ሒሳቤን ተቀብዬ ስሄድ ስለ አያያዙ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ያ የእኔ ጥፋት ነው።

ለማነጻጸር በማግስቱ ካዛንቺስ ሄድኩ። እዚያ ያለው ባለቤት ጨርቁን ውሃ አስነክቶት አያውቅም። ማታ ሲዘጋ በብሩሽ ይጠርጋል፣ አሮጌ አንሶላ ያለብሳል። ኳሶቹን ሰኞ ሰኞ ያጥባል። ይኸው ነው። ጨርቁ በዚያ ሁሉ ጨዋታ መስመሩ ገና መታየት መጀመሩ ነበር።

የእትዬን ቤት ለማከም አንድ ሙሉ ቀን ዘጋን። ቫኪውም ከሰፈሩ ላቫጆ ተዋስን። የመኪና ቫኪውም ጉልበቱ ይበዛል፤ ስለዚህ ብሩሽ ያለውን አፍ ገጥመን ጨርቁን ሳንጫን፣ ነካ እያደረግን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው በቀጥታ ሄድን። ጨርቁን ወደ ላይ የሚስብ ከሆነ ይጎዳዋል። የጓዳው ጠረጴዛ ሦስት ዙር ከተሳበ በኋላ ቀለሙ ተመለሰ። እትዬ «አረንጓዴ ነበር እንዴ!» አሉ።

የመስኮቱን ግን መፍታት ነበረብኝ። ላስቲኮቹን ነቀልኩ፣ ስቴፕሉን በየአንዱ አወጣሁ፣ ጨርቁን በጥንቃቄ ገለጥኩት። ከሥሩ ድንጋዩ ላይ ያየሁትን ልጁም እትዬም እንዲያዩት ጠራኋቸው። በሶ የተበተነበት ይመስላል። ሰማያዊ በሶ። ጉድጓዶቹ አካባቢ ጠንክሮ ቅርፊት ሠርቷል። የድንጋዩ መጋጠሚያ ላይ የሞላሁት ሰም ሳይቀር በላዩ አቧራ ለብሷል። ልጁ በጣቱ ነካው፤ ሁለት ጣቱን አፋተገ። «ይቧጥጣል» አለ በቀስታ። ከዚያ ወዲያ ባልዲውን ሲያነሳ አላየሁትም።

ድንጋዩን በደረቅ ብሩሽና በቫኪውም አጸዳን። ጨርቁን ከጀርባው አራግፌ መልሼ ወጠርኩት። መጀመሪያ በርዝመቱ፣ ከጫፉ መሀል ጀምሬ ወደ ጥጎቹ፤ ከዚያ በወርዱ። ሽብሽቡ ጠፋ። ድብልብሉን ግን መመለስ አይቻልም። የነጣው መስመርም የተፋቀ ክር ነው፤ ያለቀ ክር አይበቅልም። ይህን ለእትዬ በግልጽ ነገርኳቸው። የጓዳውን አድነነዋል፤ የመስኮቱን ዕድሜ ነው የጨመርንለት።

ኳሶቹን ልጁ ራሱ አጠበ። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ከዚያ ማለቅለቅና በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ። ሳሙና እዚህ ነው ቦታው። በረኪና ወይም የሚፍቅ ነገር ግን አይነካውም፤ ኳሱን ይቧጥጠዋል። ኳሶቹ የታጠቡበት ውሃ ቀለም የተበጠበጠበት መሰለ። ነጩን በአዲስ ቀየርነው።

በመሀል አንድ ጎረቤት መጥቶ «ካውያ አድርጉበት፣ እንግሊዞች ካውያ ነው የሚያደርጉት» አለ። አልተሳሳተም፤ ግን የሚለው የፑል ዘመድ ስለሆነው ጨዋታ፣ ስለ ስኑከር ጨርቅ ነው። የስኑከር ጨርቅ ፀጉር አለው፤ ፀጉሩም በአንድ አቅጣጫ የተኛ ነው። መዳፋችሁን ወዲህ ስታሳልፉት ይለሰልሳል፣ ወዲያ ይሻክራል። እሱ የሚቦረሸው ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ ነጩ ኳስ ከሚነሳበት ጫፍ ወደ ጥቁሯ ኳስ ብቻ ነው። ከተቦረሸ በኋላ ለብ ባለ ካውያ ይተኮሳል፤ እንፋሎት ግን የለም። የእኛ የፑል ጨርቅ ፀጉር ስለሌለው ካውያ አያስፈልገውም። የየትኛው ባለቤት እንደሆናችሁ ካላወቃችሁ መዳፋችሁ ይነግራችኋል።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ የያዘው ልማድ ቀላል ነው። ማታ መጨረሻው ሰው ሲወጣ ልጁ መጀመሪያ ጠርዞቹን ይቦርሻል፣ ቀጥሎ ሜዳውን፣ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ቀጥ አድርጎ። ጫፍ ላይ የተሰበሰበውን ወደ ላስቲኩ ሥር አይገፋም፤ ያነሳዋል። እሑድ ማታ ቫኪውም ይዋሳል። ሲዘጋ ሁለቱም ላይ ሸራ ያለብሳል። መስኮቱ መንገዱ በሚቆፈርበት ሰዓት ዝግ ነው። ቾኩ ጠርዙ ላይ ተገልብጦ እንዳይቀመጥ ለልጆቹ ይነግራል፤ የተቀባው ፊት ወደ ላይ። ቾክም ከጠረጴዛው ዞር ብሎ ነው የሚቀባው። የመጀመሪያውን ምት ደግሞ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከመሀል እንዲመቱ አደረገ። የመስኮቱን ጠረጴዛ ግማሽ ሜትር ስላራቅነው ከግራም ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ነባሮቹ አጉረመረሙ። ኳሱ ቀጥ ብሎ መሄድ ሲጀምር ዝም አሉ።

ግንቦት ላይ አንድ ተጫዋች ማኪያቶ የጓዳው ጠረጴዛ ላይ አፈሰሰ። እኔ አልነበርኩም፤ እትዬ ናቸው የነገሩኝ። ልጁ ሮጦ ሶፍት አመጣ። ላዩ ላይ አስቀመጠና ተጫነው፤ አላሸውም። ሶፍቱን እየቀየረ ከዳር ወደ መሀል መጣ። ወተቱ ስለሚሸት መጨረሻ ላይ በጣም በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጎ መልሶ በደረቅ መጠጠው። ጨዋታው በዚያ ቀን ቆመ፤ ጨርቁ እስኪደርቅ ማንም አልተጫወተበትም። የቀረው ምልክት ከቅርብ ካላዩት አይታይም። እንዲህ ያለ ጊዜ ነው ውሃ የሚፈቀደው፤ ለቦታዋ ብቻ፣ ለቅጽበት፣ አቧራው አስቀድሞ ከተነሳ በኋላ።

ክረምቱ ሌላ ፈተና ነበር። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ይረጥባል። ጨርቁ እርጥበቱን ስለሚጠጣ ኳሱ ይከብዳል፤ ይህ የሚያሳስብ አይደለም፣ ደመናው ሲገለጥ ይመለሳል። ያሳሰበኝ ጣሪያው ነው። ኮርኒሱ ላይ ከመስኮቱ ጠረጴዛ በላይ አንድ የፍሳሽ ምልክት አየሁና እትዬ ቆርቆሮውን አስጠገኑ። አንድ ሌሊት የሚያንጠባጥብ ጣሪያ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተጠረገ ጨርቅ ያህል ይጎዳል። የተረፈችኝን የጣቃውን ቁራጭ ደግሞ ቤቴ ብል እንዳይበላት በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀመጥኳት፤ ሱፍ ነውና ብል ያውቀዋል።

የመስኮቱ ጨርቅ እስከ ጥቅምት ቆየ። መስመሩ እየጠለቀ ሄዶ አንድ ቦታ ክሩ ሊበጠስ ሲል አወጣሁት። ከወጠርኩት ዓመቱ ነው። የጓዳው አሁንም አለ። የካዛንቺሱም አለ። ሦስቱንም በዚያ ሳምንት በካርቶኔ መንሸራተቻ ለካኋቸው። የጓዳውና የካዛንቺሱ ላይ ኳሱ የሚቆምበት ቦታ በሁለት ጣት ብቻ ነው የሚለያየው።

አዲሱን ጨርቅ የወጠርነው ከልጁ ጋር ነው። ስቴፕሉን እሱ ነው የመታው። ስጨርስ ካሊፐሬን ሰጠሁት፤ ሌላ ገዝቼ ነበር።

ባለፈው ኅዳር ማታ ደወለ።

«ጋሼ፣ ነጩን ለካሁት። 56.9 መጥቷል።»

«በሁለቱም በኩል?»

«በሦስት በኩል ለካሁት። አንድ ነው።»

«ክብ ነው ማለት ነው። ግን አንሷል። ለእትዬ ንገራቸው፤ ለገና አዲስ ይግዙ።»

«ነግሬያቸዋለሁ» አለ። «ገንዘቡን ከብሩሹ ሥር አስቀምጠውታል።»